የፖለቲካ ሳይንስ መምህርነት፦ ከኮርስ ዝግጅት እስከ አደባባይ ንግግር

የፖለቲካ ሳይንስ መምህር በመጀመሪያው ቀን የሚያገኛቸው ተማሪዎች ለትምህርቱ ጉዳይ እንግዶች አይደሉም፤ ስለ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ብሔርና ስለ ወሰን ከቤተሰባቸው፣ ከአካባቢያቸውና ከማኅበራዊ ሚዲያ የወረሱትን፣ አንዳንዶቹም በገዛ ሕይወታቸው ከደረሰው የመነጨውን ጽኑ አቋም ይዘው ይገባሉ። መምህሩም እንደ ማንኛውም ዜጋ የራሱ አቋም አለው። ስለዚህ በመስኩ አዲስ የተቀጠረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው የሚመጡ ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት፣ ለተማሪዎቹም ለይቶ ማሳየት ነው።

በዚህ መመሪያ የቀረቡት እርምጃዎች ሁሉ በሦስት ዓይነት ጥያቄዎች ልዩነት ላይ የቆሙ ናቸው። የመጀመሪያው የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ ሲሆን፣ «ፌዴሬሽን ከኮንፌዴሬሽን በምን ይለያል?» እንደሚለው ያለ፣ መልሱ ከትርጉምና ከአመዳደብ ጥራት የሚገኝ ነው። ሁለተኛው የማስረጃ ጥያቄ ነው፤ «ፌዴራላዊ አገሮች ከአሃዳዊዎቹ ይልቅ የእርስ በርስ ግጭት ይበዛባቸዋል ወይስ ያንስባቸዋል?» ሲባል ብዙ አገሮችን መመልከት፣ መቁጠርና ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሦስተኛው የእሴት ጥያቄ ነው፤ «አንድ ሕዝብ የመገንጠል መብት ሊኖረው ይገባል?» የሚለውን የቱንም ያህል መረጃ ቢሰበሰብ መረጃው ብቻውን አይመልሰውም፤ መልሱ ስለ ፍትሕና ስለ ነጻነት በሚቀርብ ክርክር ላይ ይመሠረታል። በመስኩ ውስጥ የመምህር ተአማኒነት በአብዛኛው የሚገነባው በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለውን ድንበር በማክበር ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህ መርህ በየሥራው እንዴት እንደሚፈጸም ያሳያሉ።

አንደኛ እርምጃ፦ ኮርሱን ከመጨረሻው ፈተና ተነሥቶ መንደፍ

የኮርስ ዝግጅት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ቀደም ሲል ያስተማረ ባልደረባ የተወውን ሃንድአውት በመክፈት ነው፤ ይህ መንገድ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም መምህሩን ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እያሯሯጠ ምን ለማስገኘት እንደሚያስተምር ሳያውቅ ሴሚስተሩን ያስጨርሰዋል። የሚሻለው አካሄድ በመጀመሪያ የማጠቃለያ ፈተናውን አራት ወይም አምስት ዋና ጥያቄዎች መጻፍ፣ ከዚያም እነዚህን ለመመለስ ተማሪው በየሳምንቱ ምን ማንበብና ምን መለማመድ እንዳለበት ወደ ኋላ እየተመለሱ መወሰን ነው። የኮርሱ ዓላማም ሊመዘን በሚችል ግስ ይጻፋል፤ «ተማሪው ፌዴራሊዝምን ይረዳል» የሚለው ለማንም የማይመዘን ምኞት ሲሆን፣ «ተማሪው የሁለት አገሮችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ እየጠቀሰ በማዕከላዊ መንግሥትና በክልሎች መካከል ያለውን የሥልጣን ክፍፍል ያነጻጽራል» የሚለው ግን ለመምህሩም ለተማሪውም ግልጽ ግብ ነው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣመ ስለሆነ፣ መምህሩ የኮርሱን ስያሜና ዋና ዋና ምዕራፎች እንደፈለገ አይለውጥም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም፣ ማለፊያው ከመቶ 50 የሆነው፣ የተወሰኑ ኮርሶችን ይዘት መሸፈንን ግድ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ፣ ለእያንዳንዱ ርዕስ የሚመደበው ጊዜ፣ የሚመረጠው ምሳሌና የሚጠየቀው ጥያቄ በመምህሩ እጅ ነው፤ የአንድ ኮርስ ጥራት የሚለየውም በእነዚህ ነው።

ውሳኔዎቹ ሁሉ በኮርስ አውትላይን ላይ ይሰፍራሉ። ኮርስ አውትላይን ማለት የኮርሱን ዓላማ፣ የየሳምንቱን ርዕስና ንባብ፣ የምዘናውን ዓይነትና ክብደት፣ የዘገየ አሳይመንት የሚስተናገድበትን ደንብ፣ የጽሑፍ ስርቆት የሚያስከትለውን ቅጣትና መምህሩ በቢሮው የሚገኝበትን ሰዓት የሚገልጽ ሰነድ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎች ከተሰጠ በኋላ እንደ ውል ይቆጠራል። የግሬድ ቅሬታ ሲነሣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስቀድሞ የሚመለከተው ይህንኑ ሰነድ ስለሆነ፣ በቃል የተነገረ ነገር ሁሉ በጽሑፍ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ንባብን በተማሪው ሰዓት መመጠን

በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 የሚደርስ የተማሪ የሥራ ሰዓት ይወክላል፤ በዚህ ስሌት የአምስት ነጥብ ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ቢሆንና በሳምንት ሦስት ሰዓት ክፍል ቢኖር 48ቱ ሰዓት በክፍል ያልቃል፤ ከ77 እስከ 102 የሚሆነው ቀሪ ሰዓት ለንባብ፣ ለአሳይመንትና ለፈተና ዝግጅት ይከፋፈላል። ከዚህ ውስጥ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ለንባብ ቢውልና ተማሪው አፉን ባልፈታበት በእንግሊዝኛ የተጻፈን ጥናታዊ ጽሑፍ በሰዓት አሥር ገጽ ያህል ቢያነብ፣ መምህሩ በሳምንት ሊያዝዝ የሚችለው 30 ገጽ ገደማ ነው። መቶ ገጽ የሚያዝዝ መምህር ማንም የማያነብበትን ክፍል ራሱ ያዘጋጃል፤ ስለዚህ ጥቂት ንባብ መርጦ በእርግጥ መነበቡን በአጭር ኩይዝ ወይም በአንድ ገጽ ማጠቃለያ ማረጋገጥ የተሻለ ነው።

ንባብ ሲመረጥ አንድን አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ ከአንድ የተለየ አገር ታሪክ ጋር ማጣመር ፍሬያማ ዘዴ ነው። ቴዳ ስኮችፖል እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት «ስቴትስ ኤንድ ሶሻል ሪቮሉሽንስ» የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮቶች በማነጻጸር፣ አብዮት የሚፈነዳው ከውጭ በሚመጣ ጫና የተዳከመ የመንግሥት መዋቅር ከገበሬዎች አመፅ ጋር ሲገናኝ እንደሆነ ይከራከራል። ከዚህ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ አንዳርጋቸው ጥሩነህ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኢትዮጵያ አብዮት ካሳተሙት ሥራ የተወሰነ ክፍል ጋር ቢመደብ፣ ተማሪው በ1966 ዓ.ም. ቀዳሚውን ሚና የተጫወቱት የከተማ ነዋሪዎች፣ ተማሪዎችና ወታደሮች መሆናቸውን አይቶ ንድፈ ሐሳቡ የት እንደሚሠራና የት እንደሚጎድል ራሱ መመርመር ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ማጣመር የኢትዮጵያ ጉዳይ ለአንድ ንድፈ ሐሳብ እንደ መፈተኛ ሲያገለግል፣ ንድፈ ሐሳቡ ደግሞ የአገርን ታሪክ ከለመዱት ትረካ ወጥቶ ለማየት ያስችላል። የአፍሪካ ምሁራን ሥራዎችም፣ ለምሳሌ የማህሙድ ማምዳኒ እ.ኤ.አ. የ1996 «ሲቲዝን ኤንድ ሰብጀክት»፣ በ«ተጨማሪ ንባብ» ዝርዝር መጨረሻ ላይ ከመቅረት ይልቅ በዋናው ክርክር ውስጥ ቦታቸውን ሊያገኙ ይገባል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ አስቸጋሪውን ርዕስ ከሩቅ ጀምሮ ወደ ቅርብ ማምጣት

ስሜት የሚቀሰቅስ ርዕስ በቀጥታ ከአገር ውስጥ ምሳሌ ከተጀመረ፣ ተማሪዎች የክርክሩን አወቃቀር ከማየታቸው በፊት ጎራ ለይተው ይቀመጣሉ። ስለሆነም ትምህርቱን ማንም በክፍሉ ውስጥ ወገንተኝነት በማይሰማው ጉዳይ መጀመር፣ የትንተናውን መሣሪያ በዚያ ላይ ማስለመድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ አገር ውስጥ ማምጣት ይመከራል።

ለዚህ በጣም የሚያገለግለው የዳንኤል ፖዝነር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 «አሜሪካን ፖለቲካል ሳይንስ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ቼዋና ቱምቡካ የተባሉ ሁለት ማኅበረሰቦች በቅኝ ገዥዎች ወሰን ምክንያት ከፊላቸው በማላዊ፣ ከፊላቸው በዛምቢያ ይኖራሉ፤ ባህላቸውና ቋንቋቸው በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ በማላዊ የፖለቲካ ተቀናቃኞች ሲሆኑ በዛምቢያ ግን እንደ አጋር ይተያያሉ። የጥናቱ ማብራሪያ ልዩነቱን ከባህል ይልቅ ከቁጥር ጋር ያያይዘዋል፤ በትንሿ ማላዊ ሁለቱም ማኅበረሰቦች ለሥልጣን የሚያበቃ ድጋፍ ለማሰባሰብ የሚበቃ መጠን ሲኖራቸው፣ በሰፊዋ ዛምቢያ ግን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ለፉክክር አይበቁምና አንድ ላይ መቆም ይጠቅማቸዋል። ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ሲወያዩ «የብሔር ልዩነት ራሱ ግጭትን ይፈጥራል» የሚለው አባባል የማስረጃ ጥያቄ እንደሆነና ሊፈተሽም እንደሚችል ያያሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍለ ጊዜ ወደ ሕገ መንግሥታት ንጽጽር ሊሸጋገር ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ክልሎች በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርተው እንደሚዋቀሩ፣ በአንቀጽ 39 የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል እንደሚደርስ፣ በአንቀጽ 62 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሆነ ይደነግጋል። የናይጄሪያ የ1999 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት በአንጻሩ ትልልቆቹ ብሔረሰቦች በብዙ ግዛቶች የተከፋፈሉበትን የ36 ግዛቶች መዋቅር ይዞ፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚመረጥ ሰው ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ግዛት ከተሰጠው ድምፅ አንድ አራተኛ እንዲያገኝ ይጠይቃል። ተማሪዎች በመጀመሪያ ሁለቱ ሥርዓቶች በምን እንደሚለያዩ (የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ)፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ በፓርቲዎች አደረጃጀት ላይ ምን ውጤት እንዳስከተለ (የማስረጃ ጥያቄ)፣ በመጨረሻ የትኛው ይበልጥ ፍትሐዊ እንደሆነ (የእሴት ጥያቄ) በዚሁ ቅደም ተከተል እንዲወያዩ ከተደረገ፣ ሦስተኛው ክርክር ሲጀመር ሁሉም የጋራ መረጃ ይዘው ይገኛሉ።

አራተኛ እርምጃ፦ የክፍል ውይይትን በደንብ መምራት

የውይይት ደንብ የሚወጣው ጭቅጭቅ ከመነሣቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከተማሪዎቹ ጋር በመመካከር ነው። ሦስት ደንቦች ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ፤ ተናጋሪው የሚነካው ሐሳብን እንጂ ሰውን ወይም ማኅበረሰብን እንዳይሆን፣ የሌላውን ክርክር ከመንቀፉ በፊት ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» በሚልበት መልክ መልሶ እንዲናገር፣ «ሁሉም ሰው ያውቃል» በሚል የቀረበ አባባል ሁሉ ማስረጃ እንዲጠየቅበት። ክርክሩ ሲከር መምህሩ ንግግሩን አቁሞ ተማሪዎች ለሦስት ደቂቃ በጽሑፍ እንዲያስቡ ማድረግ፣ የተነሡትን አባባሎችም በሰሌዳው ላይ በሦስቱ የጥያቄ ዓይነቶች ስር ማስፈር ይችላል፤ ይህ ቀላል ተግባር ድምፅን ዝቅ ከማድረጉም በላይ አለመግባባቱ በየትኛው ላይ እንደሆነ ያጋልጣል።

መምህሩ የራሱን አቋም ይግለጽ ወይስ ይሸሽግ የሚለው በሙያው ውስጥ የቆየ ክርክር ነው። ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. ኅዳር 1917 በሙኒክ ስለ ሳይንስ ጥሪ ባቀረቡት ንግግር፣ ተማሪው ዝም ብሎ ለማዳመጥ በሚገደድበት አዳራሽ ፊት ለፊት የቆመ መምህር የፖለቲካ አቋሙን መስበክ እንደማይገባው ተከራክረዋል፤ ምክንያታቸውም ተማሪው ከዚያ መድረክ መልሶ የመሟገት ነጻነት ስለሌለው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ መስሎ መቅረብ አቋምን በምሳሌ ምርጫ ውስጥ መደበቅ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ለአዲስ መምህር የሚመከረው መካከለኛ መንገድ በማስረጃ ጥያቄ ላይ መረጃው ወዳመራበት ድምዳሜ በግልጽ መድረስ፣ በእሴት ጥያቄ ላይ ግን የተቃራኒ ወገኖችን ጠንካራ ክርክር እኩል ማቅረብና የራስን ፍርድ ከግሬድ አሰጣጥ ፈጽሞ ማራቅ ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ ምዘናን ከአድልዎና ከጥርጣሬ መጠበቅ

በትልልቅ ክፍሎች ምርጫና እውነት ሐሰት ጥያቄዎችን ማብዛት ለእርማት ቢቀልም፣ እነዚህ የሚለኩት አብዛኛውን ጊዜ የጽንሰ ሐሳብ ዕውቀትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሚድ እና ፋይናል ሲዘጋጁ ከሦስቱ ዓይነት ጥያቄዎች ተመጣጣኝ ድርሻ መውሰድ፣ ቢያንስ አንዱን የጽሑፍ መልስ የሚጠይቅ ማድረግ ይገባል። የጽሑፍ ጥያቄ ሲወጣ የማረሚያ መስፈርቱ አብሮ ይጻፋል፤ ለምሳሌ ከ20 ነጥብ 5ቱ ጽንሰ ሐሳቡን በትክክል ለመግለጽ፣ 8ቱ ተገቢ ማስረጃ ለማቅረብ፣ 5ቱ ተቃራኒ ክርክርን ለማስተናገድ፣ 2ቱ ለአጻጻፍ ጥራት ሊመደብ ይችላል። በመስፈርቱ ውስጥ «ትክክለኛ አቋም ያዘ» የሚል መስመር እንደሌለ ተማሪው አስቀድሞ ማየት አለበት።

የፈተና ወረቀቶች ስም በተሸፈነበት ሁኔታ፣ በተማሪ ሳይሆን በጥያቄ ተራ፣ ማለትም የሁሉንም የመጀመሪያ መልስ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው በመሄድ ቢታረሙ አድልዎም ድካም የሚያመጣው መዛባትም ይቀንሳል። የተማሪ ስም ብሔሩን ወይም ሃይማኖቱን ሊጠቁም በሚችልበት አገር ይህ አሠራር መምህሩን ከማያውቀው የራሱ ዝንባሌ፣ ተማሪውንም ከጥርጣሬ ይጠብቃል። በግሩፕ ወርክ የአንዱ ሥራ ለሁሉም ግሬድ እንዳይሆን እያንዳንዱ አባል ድርሻውን በአጭር ጽሑፍ እንዲያስረዳ፣ በቤት የሚሠራ አሳይመንትም በኢንተርኔት ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ተጽፎ እንዳይቀርብ የአምስት ደቂቃ የቃል ማብራሪያ እንዲታከልበት ማድረግ ከክስና ከምርመራ የተሻለ መከላከያ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የመመረቂያ ጽሑፍን ማማከር

የተመራቂ ተማሪ የመጀመሪያ ርዕስ ብዙውን ጊዜ «የዴሞክራሲ ተግዳሮቶችና ተስፋዎች በኢትዮጵያ» የሚመስል፣ ምንም መልስ የማያስፈልገው ሰፊ ጉዳይ ነው። የአማካሪው ቀዳሚ ሥራ ይህን ርዕስ ወደ ጥያቄ መቀየር ነው፤ ጥሩ የምርምር ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር፣ ከአንድ በላይ መልስ ሊኖረው የሚችል፣ የትኛው መልስ ትክክል እንደሆነ በተማሪው አቅምና ጊዜ ሊገኝ በሚችል መረጃ የሚለይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጉዳይ አመራረጥ ነው። ባርባራ ጌዴስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በፍጥነት ያደጉ ጥቂት አገሮችን ብቻ የተመለከተ ሰው የሠራተኛ ማኅበራትን ማፈን እድገት ያመጣል ብሎ ሊደመድም እንደሚችል፣ ብዙ ታዳጊ አገሮች አብረው ሲታዩ ግን ይህ ግንኙነት እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ተማሪው ግጭት የተነሣባቸውን ወረዳዎች ብቻ አጥንቶ የግጭትን መንስኤ አገኘሁ እንዳይል፣ ተመሳሳይ ሁኔታ እያለ ግጭት ያልተነሣበትንም ወረዳ እንዲጨምር ማስገደድ የአማካሪው ግዴታ ነው።

መረጃ በቃለ መጠይቅ ሲሰበሰብ የመረጃ ሰጪው ደኅንነት ከጽሑፉ ይቀድማል። ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት የጥናቱ ዓላማ ይነገረዋል፤ ስሙና ማንነቱን የሚጠቁም ዝርዝር ከማስታወሻው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ጥያቄ ለመዝለል ወይም ለማቋረጥ ነጻ መሆኑም ይረጋገጥለታል። የመረጃ ሐቀኝነትም አብሮ ይጠናል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ ቤት ለቤት የሚደረግ ቅስቀሳ የሰዎችን አመለካከት በዘላቂነት እንደሚለውጥ የገለጸ ጽሑፍ ወጥቶ፣ ጥናቱን ለመድገም የሞከሩ ወጣት ተመራማሪዎች መረጃው ሊሆን የማይችል ባሕርይ እንዳለው ስላገኙ በቀጣዩ ዓመት ጽሑፉ ተሰርዟል። ይህ ታሪክ ለተማሪዎች የሚያስተምረው ጥሬ መረጃን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሥርዓት መያዝና ለመርማሪ ማሳየት የሚችሉ ሆኖ መገኘት የሙያው መሠረት መሆኑን ነው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ጥናትን ወደ ኅትመት ማድረስ

የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጽሑፍ እንዳለ ተቆርጦ መጽሔት ላይ አይወጣም። ጽሑፉ አንድ ዋና ድምዳሜ እንዲኖረው መምረጥ፣ የቀደሙ ጥናቶችን ዳሰሳ ለክርክሩ በቀጥታ ወደሚያስፈልገው መቀነስ፣ በመግቢያው የመጀመሪያ ሁለት ገጽ ጥያቄውን፣ መልሱንና የመረጃውን ዓይነት መግለጽ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዚያ መጽሔት ይመረጣል፤ የሚመረጠውም ጸሐፊው ራሱ ለጽሑፉ ካነበባቸውና ከጠቀሳቸው መጽሔቶች መካከል ነው፤ ምክንያቱም የዚያ መጽሔት አንባቢዎች ክርክሩን ቀድሞ ያውቁታል።

ታዋቂ መጽሔቶች ጽሑፍን ለአቻ ግምገማ ያቀርባሉ፤ ይህ ማለት የጸሐፊውን ማንነት ብዙ ጊዜ የማያውቁ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ባለሙያዎች ጽሑፉን መርምረው አስተያየት ይሰጣሉ ማለት ነው። ገንዘብ ከተከፈለ ያለ ምንም ግምገማ የሚያትሙ አጭበርባሪ መጽሔቶች በበኩላቸው በቀናት ውስጥ እንደሚያሳትሙ ቃል በመግባት፣ ከታወቀ መጽሔት ጋር የሚምታታ ስም በመያዝና ጸሐፊውን በማያውቀው ኢሜይል በማባበል ይታወቃሉ። በእንዲህ ያለ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ለደረጃ ዕድገት ውድቅ ሊደረግ ከመቻሉም በላይ ተመልሶ ሌላ ቦታ ሊታተም አይችልም። የገምጋሚዎች አስተያየት ሲመጣ እያንዳንዱን ነጥብ በሠንጠረዥ አስፍሮ በአጠገቡ የተደረገውን ለውጥ ወይም ያልተደረገበትን ምክንያት በትሕትና መጻፍ የተለመደና ውጤታማ አሠራር ነው፤ ጽሑፉ ውድቅ ቢደረግም አስተያየቱን ተጠቅሞ አሻሽሎ ወደ ሌላ መጽሔት መላክ የየዕለቱ የሙያ ሕይወት አካል ነው።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ለደረጃ ዕድገት ማስረጃን ከመጀመሪያው ቀን መሰብሰብ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአካዳሚክ ማዕረግ ከረዳት ምሩቅነት ተነሥቶ በረዳት ሌክቸረርና በሌክቸረር አልፎ ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር ያድጋል። ለዕድገት የሚታዩት ሦስቱ መሠረታዊ መስኮች የማስተማር ውጤታማነት፣ የታተመ ምርምርና ለተቋሙም ሆነ ለማኅበረሰቡ የተሰጠ አገልግሎት ሲሆኑ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሕግ ነው። ስለሆነም አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ወር የሴኔቱን ሕግ ቅጂ ማንበብ፣ የኮርስ ምደባ ደብዳቤዎችን፣ የተማሪ ግምገማ ውጤቶችን፣ የኮሚቴ አባልነት ሹመቶችንና የታተሙ ሥራዎችን በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ይጠቅመዋል፤ ከዓመታት በኋላ እነዚህን ሰነዶች ከመዝገብ ቤት ማፈላለግ እጅግ አድካሚ ነው።

የማስተማርና የኮሚቴ ሥራ ቀነ ገደብ ሲኖረው ምርምር ግን ማንም የማይጠይቀው ሥራ ስለሚሆን ቀስ በቀስ ይረሳል። በሳምንት ሁለት የተወሰኑ ጧቶችን ለጽሑፍ ብቻ መመደብ፣ እነዚያንም ሰዓቶች እንደ ክፍል ሰዓት የማይነኩ አድርጎ መጠበቅ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ከባልደረቦች ጋር የንባብ ክበብ ማቋቋም፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዳካር የሚገኘው ኮዴስሪያና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ኦስሪያ የተባሉት የአፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ድርጅቶች የሚያወጧቸውን የሥልጠናና የኅትመት ጥሪዎች መከታተል ብቻውን ለሚሠራ ተመራማሪ መድረክ ይከፍታል።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ በአደባባይ ሲናገሩ ሚናን መለየት

ምርጫ፣ ጦርነት ወይም የድርድር ዜና ሲኖር ሬዲዮና ቴሌቪዥን የፖለቲካ ሳይንስ መምህርን «ተንታኝ» ብለው ይጋብዛሉ። ከመቀበል በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፤ ጉዳዩ ተናጋሪው ባጠናው መስክ ውስጥ ነውን? ውይይቱ በቀጥታ የሚተላለፍ ነው ወይስ ተቆርጦ የሚቀርብ? ሌላው ተጋባዥ ማን ነው? በንግግሩ ጊዜም ጥናት የሚያሳየውን፣ እርግጠኛ ያልሆነውንና የግል አስተያየት የሆነውን በየተራ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት»፣ «መረጃው ገና አልጠራም»፣ «እንደ ዜጋ ሲታይ» በሚሉ አነጋገሮች ለይቶ ማቅረብ ያስፈልጋል። በክፍል ውስጥ የተለማመደው የሦስቱ ጥያቄዎች ልዩነት እዚህ ላይ ለሕዝብ ይተረጎማል።

የአካዳሚክ ነጻነት ማለት መምህርና ተመራማሪ የመጠየቅ፣ የማስተማርና የማሳተም ሥራቸውን ያለ ቅጣት ፍርሃት የሚያከናውኑበት መብት ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ይህንን ነጻነት ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በካምፓላ የወጣው የአፍሪካ ምሁራን መግለጫም ነጻነቱን ከማኅበራዊ ኃላፊነት ጋር አያይዞ ደንግጓል። በወረቀት የተጻፈ መብት ግን ሁልጊዜ ከጉዳት እንደማይጠብቅ፣ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን የተሰናበቱበት ታሪክ ያስታውሳል። ስለዚህ በግል ስም መናገርንና ተቋምን ወክሎ መናገርን በግልጽ መለየት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ በክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተቃራኒ አመለካከት ያለው ተማሪ እንደሚያነብበው ማሰብ፣ አወዛጋቢ ለሆነ ንግግር መሠረት የሆኑ ማስረጃዎችን መዝግቦ ማቆየት ብልህነት ነው።

አሥረኛ እርምጃ፦ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኮርሱን መፈተሽ

ግሬድ ገቢ ከተደረገ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ነገሩ ከአእምሮ ሳይጠፋ፣ የትኛው ንባብ እንዳልተነበበ፣ የትኛው ጥያቄ ሁሉንም እንዳሳሳተ፣ የትኛው ክርክር ከሥርዓት እንደወጣ በኮርስ አውትላይኑ ዳር መጻፍ ለሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ዝግጅት ነው። ከፈተና ወረቀቶቹም በአንድ የእሴት ጥያቄ ላይ ተቃራኒ አቋም ይዘው የመለሱ ሁለት ተማሪዎችን መርጦ፣ ስማቸው ተሸፍኖ ሌላ ባልደረባ በዚያው መስፈርት እንዲያርማቸው ማድረግ ይጠቅማል። ሁለቱ እርማቶች ተቀራራቢ ከሆኑ መስፈርቱ በሚገባ እየሠራ ነው፤ ከተራራቁ ግን የሚለወጠው የተማሪው አቋም ሳይሆን የጥያቄው አቀራረብ ወይም የነጥቡ ክፍፍል ነው፤ ለውጡም በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ አውትላይን ላይ ተጽፎ ለአዲሶቹ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጣል።